በጎኑ የተሣለው ልጅ

አለቃ ዘርአጽዮን ዕድሜያቸውን በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የፈጁ ሠዓሊ ነበሩ። ከአክሱም ወደ አዲስ አበባ የመጡት በንጉሡ ዘመን ሲሆን፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ያን ጊዜ የጤፍ ማሳ በነበረው በገርጂ፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን እንዲሥሉ ተጠርተው ነበር። ሥራው ሳያልቅ ሚስታቸው ታመው ሞቱ። ሰው የወዳጁን መቃብር ከተከለበት ምድር በቀላሉ አይነቀልምና አለቃም እዚያው ቀሩ፤ ሴት ልጃቸውን ኣምለሰትንና ወንዱን ዑቕባይን ያለ እናት አሳደጉ።

ዑቕባይ በሕፃንነቱ አባቱ ከሚሠሩበት የእንጨት መወጣጫ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ ቢጠግነውም እግሩ ጥቂት አጠረ። ስለዚህ ሲራመድ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ይረግጥ ነበር፤ ሲዘል ግን፣ ምድር የነፈገችውን ከአየር ሊያስመልስ የፈለገ ይመስል፣ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ወርውሮ ከእኩዮቹ ሁሉ አርቆ ያርፋል። እንዲህ ያለ እግር ከውትድርና ያድነዋል ተብሎ ታምኖ ነበር። አፋሾቹ ግን የሚፈልጉት ቁጥር እንጂ እግር አልነበረም። በ፲፱፻፹ ዓ.ም. በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ደጃፍ ስኳር ለመግዛት እንደ ተሰለፈ አፍሰው ወሰዱት። ከማሠልጠኛው አንድ ሰላምታ በሰው ላከ፤ ቀጥሎ ወደ ሰሜን መሻገሩ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት የአለቃን ዓይን ሞራ ይጋርደው ጀመር። ሐኪሙም ልባቸው ስለ ደከመ ቀዶ ሕክምናውን እንደማይችሉት ነገራቸው።

«ጓለይ» አሉ ለልጃቸው፣ በአገራቸው ቋንቋ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ «ጨለማውን አልፈራውም። ከመዝጋቱ በፊት ያን ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ባየው ደስ ባለኝ።»

የዑቕባይ ፎቶግራፍ በቤቱ አልነበረም፤ በትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ የተለጠፈው አብሮት ሄዷል። ኣምለሰት ብሩሽ መያዝን ከአባቷ የተማረች ስለ ነበረች የወንድሟን ፊት ልትሥል ደጋግማ ሞከረች። ነገር ግን ከልጅነቷ የተማረችው የቅዱሳንን ፊት ነው፤ ያም ፊት ሁሉ አንድ ነው፤ ሰፊ ግንባር፣ ትላልቅ ዓይኖች፣ የማይንቀሳቀስ ጸጥታ። ዑቕባይን በጀመረች ቁጥር የሚወጣው መልአክ ነበር። መልአክ መሣል መልካም ነው፤ ወንድሙን ለሚፈልግ ሰው ግን ከባዶ ሰሌዳ ይልቅ ያሳዝናል።

ኣምለሰት የምትተዳደረው በአንድ የእጅ ሥራ ማኅበር የጥልፍ ንድፍ በማውጣት ነበር። ንድፉ የሚሠራው በካሬ ወረቀት ላይ ነው፤ መስቀሉም አበባውም በካሬው ቁጥር ይለካል። የማኅበሩ ሴቶች ካሬውን፣ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቆጥረው፣ «ዓይን» ይሉታል። «ለግንዱ አራት ዓይን፣ ለቅጠሉ ሁለት ዓይን» እያሉ ይሠራሉ። ከደንበኞቻቸው አንዷ ወይዘሮ ፈለቀች ነበሩ፤ ቦሌ ላይ ባለ ግቢ ቤት፣ ባለ ቀለም ቴሌቪዥንና ከሃንጋሪ ተመርቆ የመጣ ዓለምሰገድ የሚባል የወንድም ልጅ አላቸው። አንድ ቀን ለቀሚሳቸው የወጣውን ንድፍ ወደ ቤት ይዘው ሲገቡ ዓለምሰገድ ከእጃቸው ነጠቃቸው።

«እትዬ፣ ይህን ማን ሠራው?»

«ምን አገባህ? ቀሚስ ልትለብስ ነው?»

«ይህን የምትሠራውን ልጅ አምጪልኝ። ስፈልጋት ነው የኖርኩት!»

«እሰይ! በመጨረሻ ልታገባ ነው» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች።

ነገሩ ጋብቻ አልነበረም። ዓለምሰገድ ከውጭ አገር አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ጋር ትያያዛለች፤ የተሠራባትን ነገር የምታስቀምጠውም በተራ የዘፈን ካሴት ላይ ነው። በእርሷም ጨዋታ እየሠራ ነበር። አንድ መልእክተኛ ከአምባ ወደ አምባ፣ ከእርከን ወደ እርከን እየዘለለ ይሄዳል፤ በየእርከኑ ጠባቂዎች አሉ፤ ከነኩት ወይም ከሳተ ገደል ይገባል። ስሌቱን ጨርሶታል፤ መሣል ግን አይችልም። የእርሱ መልእክተኛ፣ በአክስቱ አነጋገር፣ «ጎኑን የተመታ ጀበና» ይመስል ነበር።

«እያንዳንዱ ሥዕል በካሬ ነው የሚሠራው» አላት ለኣምለሰት፣ የግራፍ ወረቀት ዘርግቶ። «ዐሥራ ስድስት ወደ ጎን፣ ዐሥራ ስድስት ወደ ታች። የሞላሽውን አንድ፣ ባዶውን ዜሮ ብዬ እኔ አስገባዋለሁ። ለመሮጥ ስድስት ሥዕል፤ ለመዝለል ሦስት፤ ሲወድቅ ሁለት። በፍጥነት ሲቀያየሩ ሰውዬው ይሄዳል።»

«ይሄዳል? ራሱ?»

«ራሱ። እንደ አሣሣልሽ ይሄዳል።»

ኣምለሰት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ፊቱን ስትሥል ያጣችውን ወንድሟን በአረማመዱ ልታገኘው እንደምትችል የገባት በዚያች ቅጽበት ነው። ፊቱ የመልአክ ሊሆንባት ይችላል፤ ያን አረማመድ ግን ከዑቕባይ በቀር በዓለም ላይ ማንም የለውም።

ሥራው ወራት ፈጀ። አምባዎቹን፣ መሰላሎቹን፣ የገደሉን ቋጥኝ፣ ደመናውን ሳይቀር ሣለች። ጠባቂዎቹ ባሉበት ብቅ ጥልቅ ከማለት በቀር ወዴትም ስለማይሄዱ ፊት ለፊት ሣለቻቸው። መልእክተኛው ግን ወደ ጎን የሚሮጥ ነውና በጎኑ ሣለችው፤ ለዓይኑም አንዲት ካሬ ሰጠችው። ቀኝ እግሩን ከግራው በአንድ ካሬ አሳጠረች። ሲዘል ሁለቱን እጆቹን ከራሱ በላይ ወረወረች። ዓለምሰገድ ቁጥሮቹን አስገብቶ ቁልፉን ሲነካው፣ ያ ጣት የማያህል ሰው በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ረጅም አንድ አጭር እየረገጠ ሄደ። ኣምለሰት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምነው? ተበላሸ እንዴ? ያነክሳል መሰለኝ» አለ ዓለምሰገድ።

«አይነካ» አለች። «እንደዚያው ይሁን።»

ከዚያም የወንድሟን ነገር ነገረችው፤ አባቷን አምጥታ ለማሳየት ፈቃድ ጠየቀች። አንድ ነገርም አስማለችው፤ ማን መሆኑን ቀድሞ እንዳይነግራቸው። አባቷ ሳይነገራቸው ካወቁት ሥዕሉ እውነት ነው፤ ተነግሯቸው ካወቁት ግን የምታሳያቸው ወሬ እንጂ ልጃቸውን አይደለም ብላ ነበር። ሐሳቡ የተከበረ ነበር፤ የተከበረ ሐሳብ ግን ከስሕተት አያድንም።

አለቃ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ወይዘሮ ፈለቀች ሻይ አቅርበው ወንበር ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉላቸው።

«ቀረብ ይበሉ አለቃ። ብቻ መስተዋቱን እንዳይነኩት፤ ይነዝራል። ይህ ልጅ ዕቃዬን አንድ ቀን ያነደው እንደሆነ ለቀበሌ ነው የምከሰው።»

ዓለምሰገድ ጨዋታውን ጀመረ። የአለቃ ዓይን ቀለሙንና ቅርጹን እንጂ ዝርዝሩን አይለይም ነበር። አንገታቸውን ቀልሰው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሥዕሉን ከማየት አልፈው ያነቡት ጀመር።

«ይህ የሚሸሸው ማን ነው?»

«እርስዎ ይገምቱ፣ አለቃ» አለ ዓለምሰገድ።

«ምን ግምት ያስፈልገዋል? በጎኑ አይደለም የተሣለው? አንድ ዓይን!» ፈገግ አሉ፤ ሥራቸውን ባልጠበቁት አገር ስላገኙት ደስ ብሏቸዋል። «ጻድቅ ፊቱን አይሰውርም፤ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ይሁዳ፣ ሰቃልያን፣ ሰይጣን፣ እነዚህ በጎን ይሣላሉ፤ ዓይናቸው ከሚያያቸው ሰው ዓይን ጋር እንዳይገጥም። እኒያ የቆሙት ሁለት ዓይን አላቸው፤ ጠባቂዎች ናቸው። መልካም አድርገሻል ጓለይ፤ ትምህርትሽን አልረሳሽም።»

 ኣምለሰት ያን ሕግ ማንበብ ከመቻሏ በፊት ታውቀው ነበር። መልእክተኛውን ስትሥል ግን የመቅደስ ሕግ ነው፤ የቴሌቪዥን አይደለም ብላ እንኳ አላሰበችም፤ ጨርሶ ከልቧ አልገባም ነበር። ልትናገር አፏን ስትከፍት መልእክተኛው እርከኑን ስቶ ገደል ገባ።

«እሰይ!» አሉ አለቃ፤ አጨበጨቡም። «ጥልቅ በል!»

መልእክተኛው እንደገና ከመነሻው ብቅ አለ።

«ደግሞ ተነሣ?»

«ሦስት ነፍስ አለው፣ አለቃ» አለ ዓለምሰገድ፣ ወደ ኣምለሰት በጭንቀት እያየ።

«ሦስት ነፍስ! ለክርስቲያን አንዲት ሰጥቶ ለዚህ ሦስት?»

ወይዘሮ ፈለቀች ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ። «ድመት ነዋ አለቃ!»

ሁለተኛም ወደቀ፤ አለቃ አጨበጨቡ። በሦስተኛው መልእክተኛው ከጫፍ ተንደርድሮ ሁለት እጆቹን ወርውሮ ከሰፊው ገደል በላይ ዘለለ። ለማጨብጨብ የተነሡት የአለቃ እጆች በአየር ላይ ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን አሹና «ብርሃኑ ወጋኝ» አሉ። መልእክተኛው ወደቀ። አሁንም አጨበጨቡ፤ ድምፁ ግን አልወጣም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባት ስለ ዝናቡ ተናገሩ፤ ልጅ መለሰች። ስለ ሥዕሉ ማንም አላነሣም።

በማግሥቱ ኣምለሰት ዓለምሰገድ ዘንድ ሄዳ መልእክተኛውን ሁለት ዓይን ልትሰጠው መሆኑን ነገረችው።

«ወዴት እንደሚሄድ በምን ይታወቃል ታዲያ?»

«በእግሩ።»

«እግሩማ ያው ሦስት ካሬ ነው! አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን ፊት ለፊት ካዞርሽው ይቆማል። የሚሮጥ ሰው ከጎን ነው የሚታየው፤ ይህን እኔ አላወጣሁትም።»

«አባቴ በልጃቸው መውደቅ አጨበጨቡ፣ ዓለምሰገድ። ዐይተሃል። እንደዚያ ሆኖ እንዲቀር ነው የምትፈልገው?»

ዓለምሰገድ የፊተኞቹን ወረቀቶች አውጥቶ ሰጣት። አዲስ የግራፍ ወረቀት ከመሥሪያ ቤቱ ለምኖ የሚያመጣው በመከራ ስለ ነበር፣ ኣምለሰት የፊተኞቹን ሥዕሎች እዚያው ወረቀት ላይ በላጲስ ፍቃ በላያቸው ሣለች። ፊቱን መለሰችው፤ ሁለት ዓይን ሰጠችው። ፊት ሲመለስ ደረት ሰፋ፤ ደረት ሲሰፋ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፈቱ፤ ያች አጭር እርምጃም መቆሚያ አጣች። እጆቹን ወደ ላይ ብታነሣቸው የሚዘል ሳይሆን የሚጸልይ መሰለ። ዓለምሰገድ ቁጥሮቹን ለውጦ በዚያችው ካሴት ላይ፣ በፊተኛው ላይ፣ ቀዳው፤ ባዶ ካሴትም እንደ ወረቀቱ ውድ ነበርና።

«ቆንጆ ነው» አለ፤ ውሸት ስለማያውቅም ጨመረበት። «ግን ያኛው ይሮጥ ነበር። ይሄ ይንሸራተታል።»

አለቃ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ሞራው ገፍቶባቸው ስለ ነበር ፊታቸውን ከመስተዋቱ በስንዝር አስጠግተው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይህ መልካም ሰው ነው። ከሰማዕታት የቱ ነው?»

«ሰማዕት አይደለም፣ አባ።»

«እንግዲያው መልአክ ነው። ይሁን፤ ደስ ይላል።» ወደ ኋላ ተደገፉ። «ያ የባለፈው የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ያ አንድ ዓይናው። እስቲ እሱን አምጡልኝ። ካየሁት ጀምሮ ዕረፍት ነሥቶኛል። ሲዘል እጁን እንዲህ…» የራሳቸውን እጆች ወደ ላይ ወረወሩ፤ አወራወሩ ትክክል ነበር። «የተረገመ ነው ብዬ አጨበጨብሁ። ልቤ ግን አብሮኝ አላጨበጨበም።»

ዓለምሰገድ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከማረፊያው የተነሣ አውሮፕላን ቤቱን አንቀጥቅጦ አለፈ።

«ጠፍቷል፣ አባ» አለች ኣምለሰት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ለምን?»

«አንድ ዓይን ስለ ነበረው።»

አለቃ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ መልሰው ድምፅዋ ወዳለበት አዞሩ።

«ዑቕባይ ነበር?»

ማልቀሷ ተሰማ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳልነግርዎ ያውቁታል ብዬ።»

«ዐውቄው ነበር» አሉ አለቃ። «ዐውቄው ነበር ጓለይ። ሕጉ ቀደመኝና እጄን አነሣው።»

ሕግ የቆመው ሰውን ለመጠበቅ ነው፤ ያለ እርሱ ደግና ክፉ አይለዩም፤ ይህን ለመካድ የሚደፍር ሞኝ ነው። ነገር ግን አባት ልጁን ሊያይ ሲመጣ ሕግ ከደጅ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት፤ አልጠበቀም።

ዓለምሰገድ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ከአለቃ ጉልበት አጠገብ በርከክ አለ። «አለቃ፣ እንደገና እንሠራዋለን። ወረቀት እኔ አመጣለሁ። ቢያስፈልግ የእትዬን የግድግዳ ወረቀት እልጣለሁ።»

«ላጠው» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች፤ በዚህ ጊዜ አልቀለዱም።

ኣምለሰት ሞከረች። ነገር ግን አንድ ጊዜ በእምነት የወጣው መስመር በጸጸት አልመለስ አለ። ቀኙን እግር ታሳጥረዋለች፤ አንካሳ ይሆናል እንጂ ዑቕባይ አይሆንም። ታስረዝመዋለች፤ እንደ ማንም ሰው ይሆናል። የወንድሟን እርምጃ ለማስታወስ በጣረች ቁጥር የሚመጣላት የወንድሟ ሳይሆን ፍቃ ያጠፋችው ሥዕል ነበር። በብዙ ድካም ወደ ፊተኛው የሚቀርብ ነገር ባገኘች ጊዜ አባቷን ልትጠራ ሄደች። አለቃ በግቢው ውስጥ በመደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እጇን ከፊታቸው ወዲያ ወዲህ አደረገችው፤ ዓይናቸው አልተከተለውም።

«ደረሰልሽ?» አሉ፣ መምጣቷን በጥላዋ ቅዝቃዜ ዐውቀው።

«ደረሰ፣ አባ።»

«ዘገየ።» እጇን ፈልገው ያዙ። «ከትናንት ጀምሮ ቀንና ሌሊቱ አንድ ሆኖብኛል። ልነግርሽ አልፈለግሁም፤ በሥራ ላይ ነበርሽ።»

ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። ጥቂት ቆይተው «ጫማው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የዑቕባይ? አለ።»

«አድርጊውና ሂጂልኝ። እንደ እሱ።»

ኣምለሰት የወንድሟን ጫማ አጥልቃ በጠጠሩ ላይ መራመድ ጀመረች። አለቃ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«አይደለም። ቀኙን አይጎትትም ነበር። ነካ አድርጎ ነው የሚያነሣው፤ ምድር እንዳይቀየመው ያህል ብቻ።»

እንደገና ሄደች። ወረቀቱ የነሣት ነገር በጠጠሩ ላይ፣ ከአባቷ ቃል ጋር፣ ወደ እግሯ ተመለሰ። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ከአጥሩ እስከ ጓዳው፣ ከጓዳው እስከ አጥሩ።

«እህ» አሉ አለቃ። ፊታቸው በራ። «መጣ። ከትምህርት ቤት መግባቱ ነው። አሁን ደብተሩን ይጥላል፤ አሁን ‹ምን አለ የሚበላ› ይላል። ሂጂ፣ አታቋርጪ።»

እርሷም ሄደች፤ ሄደች፤ በመጨረሻ ደክሟት ከአጥሩ ሥር ቆመች። እርምጃው ተቋረጠ። ግቢው ጸጥ አለ። አለቃ ዘርአጽዮን ያን ጸጥታ ትንሽ ጠበቁት፤ ይቀጥል እንደሆነ። ሳይቀጥል ሲቀር በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መትተው፣ ልጃቸው ከታፈሰ ጊዜ ጀምሮ ያመቁትን ጩኸት አወጡት።

«ወየው ልጄን! ወየው ዑቕባይ!»

በዚያ ዘመን የወታደር ሞት ከመንግሥት ሳይሆን ከሰው አፍ ነበር የሚሰማ። ከአንድ ግቢ ልቅሶ ከወጣ መርዶ ደረሰ ማለት ነው፤ ማንም ቆሞ አይጠይቅም። ፊተኛዋ የገባችው የአጥር ጎረቤታቸው ሐሚዳ ነበረች፤ እጆቿ ገና ሊጥ እንደያዙ ኣምለሰትን አቅፋ አብራት ወደ መሬት ወረደች። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከታትለው ገቡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለኪሮስ ቆባቸውን አውልቀው ከአለቃ ፊት ቆሙ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ አለቃ። መቼ ተሰማ?»

ኣምለሰት ከሐሚዳ እቅፍ ራሷን ቀና አደረገች። ምንም አልተሰማም፤ የሰማችሁት የእኔ እርምጃ ነው፤ ወንድሜ ሕያው ሊሆን ይችላል፤ ሂዱ ልትል ነበር። አባቷም ይህንኑ ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን የሰው ድምፅ፣ የሰው ጠረን፣ ስለ ልጃቸው የሚያለቅስ የሰው ሁሉ እስትንፋስ ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ወራት ዝምታ በኋላ።

አለቃ አፋቸውን ዘጉ። በመደቡ ላይ ጥቂት ገፋ ብለው ለአቶ ኃይለኪሮስ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላቸው።

ኣምለሰት ይህን አየች። ተነሥታም ነጠላዋን በወገቧ ታጠቀችና ከአልቃሾቹ መካከል ገባች።